የአሮጌ አውሮፕላን ቀለም በችኮላ አይፋቅ

«ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጣሊያን ለኢትዮጵያ ስትመለስ የብዙ ሰው ደስታ የተወሰደብን በመመለሱ ነበር። እኔም ተደስቻለሁ። ፎቶግራፏን ሳይ ግን ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው ቀለሟ ላይ ነው። ዕድሜዬን ቦሌ በአውሮፕላን ጥገና ሃንጋር ከቆርቆሮና ከቀለም ጋር ስታገል ኖሬ፣ ከጡረታ በኋላ ወደ ትውልድ ከተማዬ ደጀን ተመልሼ የጭነት መኪና ቦዲ የማድስ ሰው ነኝ። አሮጌ ነገር ታደሰ ሲባል ሌላው «ምን ቀቡት?» ይላል፤ እኔ የምጠይቀው «በምን ፋቁት?» ብዬ ነው።

ፀሐይን ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አዲስ አበባ ላይ ሠራት፤ ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በረረች። ስሟ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ነው፤ ሞተሯም 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ጣሊያን ወስዶ ለረጅም ዘመን በብራቺያኖ ሐይቅ ዳር ባለው የአየር ኃይል ሙዚየሙ አቆያት። አሁን እጃችን ላይ ናት። ከእንግዲህ የሚደርስባት በጎም ክፉም የእኛ ሥራ ነው፤ ለዚህም ነው ይህን የምጽፈው።

ደጀን የዓባይን በረሃ ጨርሶ የወጣ መኪና ሁሉ ትንፋሽ የሚወስድባት ከተማ ናት፤ ጋራዥና ቀለም ቀቢ አይጠፋባትም። ልጆቻችን አሮጌ ቀለም የሚያስለቅቁት በኮስቲክ ሶዳ፣ በቲነርና በሽቦ ብሩሽ ነው። ለብረት በርና ለጭነት መኪና ሳጥን ይህ ያስኬዳል። አውሮፕላን ላይ ግን ጥፋት ነው። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላዋል፤ ሲበላውም እሳት ካገኘ የሚቀጣጠል ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል።

የአውሮፕላን ቆርቆሮ እንደ ድስት አሉሚኒየም ንጹሕ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ካይሮ ድረስ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከአሜሪካ ጦር ትርፍ ንብረት በተገዛ ሲ-47 ነው። የእነዚያ አውሮፕላኖች ቆዳ 4 በመቶ ያህል መዳብ ያለበት ቅይጥ ነው። መዳቡ ጥንካሬ ይሰጠዋል፤ በዚያው ልክ ለመበላት ያጋልጠዋል። ስለዚህ ፋብሪካው ቆርቆሮውን ከላይና ከታች በንጹሕ አሉሚኒየም ይለብጠዋል። 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ቆርቆሮ ላይ ይህ ልባጭ በየገጹ 0.04 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከራስ ፀጉር አይወፍርም። አንድ ጉልበተኛ ወጣት በብርጭቆ ወረቀት ሲያሸው ከሰዓት በፊት ይጨርሰዋል። ቆርቆሮው ያን ቀን ያበራል፤ ከክረምት በኋላ ግን ነጭ ዱቄት እያወጣ ይቦረቦራል። የሽቦ ብሩሹ የሚተወው የብረት ብናኝም እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙን ያስበላዋል።

ከቀለሙ ሌላ የአሮጌ አውሮፕላን ሙጫም የራሱ ጣጣ አለው። በፀሐይ ዘመን የነበሩ ትናንሽ አውሮፕላኖች በእንጨትና በብረት አጥንት ላይ ጨርቅ ተወጥሮ የሚሠሩ ነበሩ። እንጨቱን ለማያያዝ በብዛት ይውል የነበረው ከወተት ፕሮቲን የሚዘጋጅ ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ ውኃ ሲቆይበት ይላላል፣ ሻጋታም ይበላዋል። «ላጽዳው» ብሎ በሞቀ ውኃ የሚያጥብ ደግ ሰው መገጣጠሚያውን ፈትቶት ያርፋል። ጨርቁን የሚወጥረው የድሮ ቀለም ደግሞ በእሳት ብልጭታ የሚነድ ነው። በኋላ ዘመን አውሮፕላኖች ውስጥ ከሽፋን ሥር የሚቀረውን ማስቲሽ ቲነር ያለሰልሰዋል፤ ነገር ግን ጠብታው የፕላስቲኩን መስኮት ከነካ መስኮቱ ጥቃቅን ስንጥቅ ያወጣል፤ ያ ደግሞ አይድንም። በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ፣ በትንሽ በትንሹ መሥራት ነው መድኃኒቱ።

የሠራተኛው ሳንባም ከቆርቆሮው ያነሰ አይደለም። የድሮ አውሮፕላን ቢጫ-አረንጓዴ መነሻ ቀለም ክሮሜት አለበት፤ ብናኙ ካንሰር ያመጣል። በደረቁ መፋቅ ክልክል መሆን አለበት፤ እርጥብ ተደርጎ፣ ትክክለኛ ጭምብል ተለብሶ ይሠራል። ሜቲሊን ክሎራይድ የሚባለው ፈጣን ቀለም ማስለቀቂያም በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል፤ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አብዛኛውን አጠቃቀሙን በ2024 እ.ኤ.አ. አግዶታል። ስለዚህ «ውጭ አገር የተከለከለ ርካሽ ማስለቀቂያ አገኘሁ» የሚል ነጋዴ ቢመጣ በሩን ማሳየት ይገባል።

«ድሃ አገር ላይ ሆነህ ስለ ቀለም ታማርራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ቀለም ፈጽሞ አይነካ አላልሁም። በቀለም ሥር መበላት የጀመረ ቆርቆሮ ካልተገለጠ አይድንም። የታመመው ይገለጥ፣ ጤነኛው ይቆይ ነው የምለው። ቀለም ድርብ ድርብ ሆኖ የሚያድር ታሪክ ነው። የጦሩ ቀለም፣ የባለቤቱ ምልክት፣ የጥገናው ዱካ ሁሉ እዚያ አለ። ጎጃም ውስጥ የዚህን ጉዳይ ክብደት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአብያተ ክርስቲያናት ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጥንታዊ ሥዕል ላይ የሱቅ ዘይት ቀለም ሲደረብበት ምን እንደሚጠፋ እናውቃለን። ሥዕሉ አዲስ መስሎ ይታያል፤ የሣዩ እጅ ግን የለም።

ሌሎች እንዴት እንደሚሠሩት ማየት ይጠቅማል። የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን ሂሮሺማ ላይ ቦምብ የጣለችውን ኢኖላ ጌይን ማደስ የጀመረው በ1984 ሲሆን በ2003 እ.ኤ.አ. ተገጣጥማ ለሕዝብ ታየች፤ 300,000 ያህል የሥራ ሰዓት ወስዷል። ያን ያህል ገንዘብ የለንም። የሚያስፈልገን ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ነገር ትዕግሥት ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ፎቶግራፍ፣ ማስታወሻ ደብተርና አንድ መዳፍ በምታህል የሙከራ ቦታ መጀመር ይመጣሉ። እነዚህ ደግሞ ውድ አይደሉም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የተፋቀ ቀለም ግን አይለቀምም። ስለዚህ አየር ኃይል፣ አየር መንገዱ፣ ሙዚየሞችና አሮጌ አውሮፕላን ለማስተማሪያ የያዙ ተቋማት ሁሉ አንድ ደንብ ያውጡ። ማንም ሰው ያለውን ሁሉ ሳይመዘግብ፣ ኬሚካሉን በትንሽ ቦታ ሳይሞክር፣ የሠራተኛውን ደኅንነት ሳያረጋግጥ ቀለምም ሙጫም አያንሣ። የጎጃም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ለቀለም ሠራተኞች ከመቀባቱ በፊት ያለውን ሥራ በአግባቡ ያስተምሩ። የእኔን እጅ የሚፈልግ ካለ፣ ደጀን ነኝ፤ በነጻ አሳያለሁ።