ከወደቡ በፊት የገንዘቡ ጉዳይ

ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ አሰብ በአደባባይ እያከራከረ ነው። ክርክሩ ባሕሩን ሲያነሣ ገንዘቡን ይዘነጋል።

ኤርትራ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ነጻነቷን ብትመርጥም ሁለቱ አገሮች በአንድ ብር ይገበያዩ ነበር። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ናቅፋን ስታወጣ አንዱ ናቅፋ በአንድ ብር ሒሳብ በሁለቱም አገር እንዲሠራበት ጠየቀች። አዲስ አበባ ግን ከ2,000 ብር በላይ የሆነው ንግድ በባንክና በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች፤ የብር ኖቶቿንም ለወጠች። እህል ጭኖ ድንበር ይሻገር የነበረ ነጋዴ ዶላር ከየት ያምጣ? በግንቦት ጦርነቱ በባድመ ቢፈነዳም ቂሙ አስቀድሞ በገበያው ተቋጥሮ ነበር።

ከሁሉ የከፋው የሰዎቹ ዕጣ ነው። ትውልዳቸው ከኤርትራ የሆነ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ከኢትዮጵያ ተባረሩ፤ በሕዝበ ውሳኔው ድምፅ መስጠታቸው ዜግነት እንደ መተው ተቆጠረባቸው። ከወዲያም ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ንብረታቸውን ጥለው ተመለሱ።

አብዛኛው ገቢ ዕቃ ያልፍበት የነበረው አሰብ ተዘጋ። የራቤል ገበሬ ለዘር ወቅት የሚጠብቀው ማዳበሪያም ዛሬ በጅቡቲ በኩል ይገባል፤ የወደቡና የመጓጓዣው ወጪ ዋጋው ላይ ያርፋል።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዕርቅ ወርዶ በመስከረም ድንበሩ ሲከፈት ሕዝቡ ተቃቅፎ አለቀሰ። የቀረጥና የምንዛሪ ደንብ ግን በቅጡ አልተበጀለትም፤ መሻገሪያዎቹም በወራት ውስጥ ተመልሰው ተዘጉ።