ያለ በር የሚገባው ባሕር

ስለ ባሕር በር የማይወራበት የሻይ ቤት ጠረጴዛ ዘንድሮ ማግኘት ይከብዳል። ወደብ፣ መርከብ፣ የኮንቴነር ኪራይ… ክርክሩ ይቀጥል። እኔ የማነሣው በር ሳይጠይቅ ጎተራችን ድረስ ስለሚገባው ባሕር ነው። ከወሎ ማሳ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በፔሩና በኢንዶኔዥያ መካከል የተንጣለለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቅ ውሃ ወዴት እንደሚያዘነብል የጤፍና የማሽላችንን ዕጣ ከብዙ ባለሥልጣን በላይ ይወስናል።

በምድር ወገብ አካባቢ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሱት የንግድ ነፋሳት ፀሐይ ያሞቀችውን የላይኛውን ውሃ እየገፉ ኢንዶኔዥያ በኩል ያከማቹታል። ግፊቱ የዋዛ አይደለም፤ በዚያኛው ዳር የባሕሩ ከፍታ ከፔሩ በኩል በግማሽ ሜትር ገደማ ይበልጣል። በፔሩ ዳርቻ ደግሞ የሄደውን ውሃ ለመተካት ቀዝቃዛው ከጥልቁ ይወጣል፤ የአገሬው ዓሣ አጥማጅ ሲሳይም ከዚህ ቅዝቃዜ ጋር አብሮ ይመጣል። ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ አንዴ ግን ነፋሳቱ ይደክማሉ። የተከማቸው ሙቅ ውሃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፣ ደመናውም ሙቀቱን ተከትሎ ይሄዳል። ኤልኒኞ የሚባለው ይህ ነው። ነፋሳቱ ከወትሮው ሲበረቱ ደግሞ ተቃራኒው፣ ላኒና፣ ይሆናል።

የዚህ ምርምር መነሻ ረሃብ ነበር። እንግሊዛዊው ጊልበርት ዎከር እ.ኤ.አ. በ1904 የሕንድን የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ሲረከብ የጠበቀው ጥያቄ የክረምቱ ዝናብ የሚቀርበትን ዓመት አስቀድሞ ማወቅ ይቻል እንደሆነ ነበር። የአየር ግፊቱ በፓስፊክ አንደኛው ዳር ከፍ ሲል በሌላኛው ዝቅ እንደሚል ደረሰበት። ነገሩን ከባሕሩ ሙቀት ጋር ያገናኘው ግን የአየር ጠባይ ተመራማሪው ያኮብ ብያርክነስ ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1969።

ወደ እኛ እንምጣ። ፓስፊክ ሲሞቅ የሕንድ የክረምት ዝናብ ይዳከማል፤ ከሕንድ በላይ ተነሥቶ በከፍታ ወደ አፍሪካ የሚነፍሰው የምሥራቅ ነፋስም ይደክማል፤ የእኛም የሐምሌና የነሐሴ ደመና ይሳሳል። የሚጎዳው በተለይ ሰሜኑና ምሥራቁ ነው፦ ወሎ፣ ትግራይ፣ አፋር፣ ሐረርጌ። ያው ኤልኒኞ ግን በመጸው ወራት ደቡብና ደቡብ ምሥራቁን ሊያጥለቀልቅ ይችላል፤ በተለይ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍልም አብሮ ከሞቀ። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የደረሰው ጎርፍ ያለ ምክንያት አልመጣም። ላኒና ሲሆን ዕጣው ይገለበጣል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ላኒና ሲደጋገም በቦረና ገናና ሐገያ የሚባሉት ዝናቦች አምስት ወቅት በተከታታይ ከሽፈው ከብቱ አለቀ። ወንዞቻችንም ከዚህ አያመልጡም። ሱዳናዊው ተመራማሪ ኤልፋቲህ ኤልታሂር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው ጥናት በናይል ዓመታዊ ፍሰት ላይ ከሚታየው መለዋወጥ ሩብ ያህሉ ከኤልኒኞ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል።

እንግዲህ «ድንገተኛ ድርቅ» የሚለውን አነጋገር የማልወደው ለዚህ ነው። በ2007 ዓ.ም. የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ኤልኒኞ መጀመሩን ያወጀው በየካቲት መጨረሻ ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሦስት ወር ይቀረው ነበር። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ ፈላጊው 10.2 ሚሊዮን ደረሰ።

ትንበያው ፍጹም ነው እያልሁ አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ከ2007 በፊት በነበረው ዓመት ትልቅ ኤልኒኞ ይመጣል ተብሎ ሳይመጣ ቀርቷል። ይህ ደግሞ ለገበሬው ክፉ ግጥምጥሞሽ ነው። ሚያዝያ ላይ ተዘርቶ ኅዳር ላይ የሚታጨደውን ማሽላ የሚዘራ ሰው መወሰን ያለበት ትንበያው በሚደክምበት ወር ነው። እርሱን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ ዝናብ ካገኘ ይዝራ።

በሰኔ ግን ነገሩ ይጠራል። የፓስፊክ ሙቀት ከዚያ ወዲያ ሐሳቡን ብዙም አይቀይርም፤ ተንሳፋፊ መለኪያዎችም ሙቀቱን በየቀኑ ይልካሉ። የከሸፈውን ማሽላ ገልብጦ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ፣ ማሾ ወይም ሽምብራ መዝራት የሚቻለውም ከሰኔ ወዲህ ነው፤ የወሎ ገበሬ ይህን ማንም ሳያስተምረው ሲያደርገው ኖሯል። የሚቸግረው ዘሩ ነው። የፓስፊክ ወሬ ከሳተላይት አዲስ አበባ በደቂቃ ይደርሳል፤ ከዚያ እስከ ወረዳ መጋዘን ያለው መንገድ ግን ክረምቱን ሊፈጅ ይችላል።

የግብርና ቢሮዎች ሆይ፣ የኤልኒኞ ማስጠንቀቂያ በወጣበት ዓመት ቶሎ የሚደርሰው ዘር እስከ ሰኔ 30 በየወረዳው ይግባ። ትንበያው ቢስት ዘሩ ለከርሞ ይቀመጣል።