ለዝቋላ የሚሆን አሮጌ ፒክአፕ

የአክስቴ ልጅ ፍየልና ማር ሸጦ፣ የሚስቱን ዕቁብ ጨምሮ፣ አሮጌ ሃይሉክስ ሊገዛ ከዝቋላ መጣ። መጀመሪያ የጠየቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?» ብሎ ነው። ቆጣሪ ወደ ኋላ ስለሚመለስ እኔ እምብዛም አላምነውም። የፔዳሉ ጎማ ካለቀ፣ የሾፌሩ ወንበር ከጎደጎደ፣ ቆጣሪው ምንም ይበል መኪናው ብዙ ሠርቷል።

ለዋግ ኮረኮንች ከሞተሩ በፊት ከሥር ገብቶ ሻንሲውን ማየት ይሻላል። የተበየደና ትኩስ ቀለም የተቀባ ቦታ ስላየን ሁለት መኪና ትተን ሄድን። ደላላው ተቆጣ (ደላላ ያልተቆጣበት ግዢ እስካሁን አላጋጠመኝም)።

ሦስተኛው 5ኤል ሞተር ያለው ነው፤ 3 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። ለገጠር ይህን እመርጣለሁ፤ ኮምፒውተር ሳያስፈልገው ሰቆጣ ያለ መካኒክ ይፈታዋል። ታይሚንግ ቤልቱ ግን በየ100 ሺሕ ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ተጋጭተው ሞተሩ ይበላሻል። ሻጩ መቼ እንደተቀየረ ስላላወቀ ዋጋ አስቀንሰን እዚሁ አስቀየርነው። ከዚያ በፊት የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳክረን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አጣርተናል።

የሞተር ዘይት በየ5 ሺሕ ይቀየር፤ የአየር ማጣሪያው በበጋው አቧራ በየሳምንቱ ይራገፍ። ባሌስትራ አስጨምሮ ከልክ በላይ መጫንን አልደግፍም፤ ፍሬኑ አብሮ አይጨምርም።

ሚስቱ በስልክ የጠየቀችው ሌላ ነው፦ በገበያ ቀን ጭነት ሞልቶ ሳለ ምጥ የያዛት ሴት ብትመጣ ማን ይወርዳል? ገንዘቡ የእሷም ስለሆነ፣ መኪናው ሥራ ሳይጀምር ይህን ከእሷ ጋር እንዲጨርስ ነግሬዋለሁ።