መብራትህን ቀንስልኝ!

አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ታዳላለች። ቀልዴን አይደለም። አያት ወይም ሲኤምሲ የሚኖር ሰው ጠዋት ወደ መሀል ከተማ ሲነዳ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ነው፤ ፀሐይ ከኋላው ናት። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ነው፤ አሁንም ከኋላው ናት። ጦር ኃይሎች ወይም አየር ጤና የሚኖረውስ? ጠዋት ስትወጣ ፊት ለፊት ይገጥማታል፣ ማታ ስትጠልቅም ፊት ለፊት። በቀን ሁለቴ። ቤት ስንከራይ ውኃ አለ ወይ፣ ታክሲ ቅርብ ነው ወይ ብለን እንጠይቃለን እንጂ ይሄን የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

«ከኋላዬ ናት» ብሎ ዘና የሚለውም ግን አንድ ነገር ልብ ይበል። መንገዱ ለአንተ ቁልጭ ብሎ ሲታይህ፣ ከፊት ለፊትህ የሚመጣው ሹፌር ያቺው ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታለች። አንተ ታየዋለህ፣ እሱ አያይህም። ዜብራ ላይ የቆመችው ተማሪም እንደዚሁ ናት፤ መኪናው ለእሷ ጥርት ብሎ ስለሚታያት «አይቶኛል» ብላ ትገባለች።

እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ በሰዓት ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች። ስለዚህ ሹፌር ዓይን ውስጥ የምትገባበት ጊዜ አጭር ነው፤ ከወጣች በኋላ አንድ ሰዓት፣ ከመጥለቋ በፊት አንድ ሰዓት ብትሉ ነው። መጥፎው ነገር ያ ሰዓት በትክክል የሥራና የትምህርት ቤት ሰዓት መሆኑ ነው። ከከተማ ስትወጡ ደግሞ የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ አለላችሁ፤ መንገዱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያመራል፣ በታኅሣሥ ፀሐይም የምትወጣው ወደዚያው አጋድላ ነው። በማለዳ ወደ አዳማ የሚነዳ ሰው ፀሐይን አሳድዶ የሚይዛት ነው የሚመስለው።

ለዚህኛው ችግር መነጽር ይሠራል። ግን የትኛው መነጽር? ብዙዎቻችን የምንመርጠው ጥቁረቱን አይተን ነው። ጥቁረትና መከላከል ግን አንድ አይደሉም። መነጽሩ ጥቁር ሆኖ አልትራቫዮሌት ጨረር የማይከለክል ከሆነ፣ የዓይናችን ብሌን ጨለማ መስሎት ይሰፋና ጨረሩን በሰፊው በር ያስገባዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስለዚህ ነገሩ ለእኛ የፋሽን ጉዳይ ብቻ አይደለም። መነጽሩ ላይ «ዩቪ 400» የሚል መኖሩን እዩ። እጀታው ውስጥ ከ0 እስከ 4 ያለ የደረጃ ቁጥር ካለው 2 ወይም 3 ለቀን መንዳት ይሆናል። 4 ቁጥር ለበረዶ ተራራ ነው፤ ከብርሃኑ ከ8 በመቶ በላይ ስለማያሳልፍ ለመንዳት አይፈቀድም።

ፖላራይዝድ የሚባለው ከእርጥብ አስፋልትና ከሌላ መኪና ኮፈን ላይ ተንጸባርቆ የሚመጣውን ብርሃን ይቆርጣል፤ ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ሻጩ «ኦርጅናል ፖላራይዝድ ነው» ካላችሁ አትከራከሩት። የላፕቶፕ ስክሪን ፊት መነጽሩን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ በሆነ አቅጣጫ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ከጠቆረ እውነቱን ነው። በብዙ ስልኮችም ይሠራል። ካልጠቆረ... ዋጋውን ቀንስ በሉት።

ከመነጽሩ በፊት ግን የፊት መስታወቱ አለ። የከተማችን አቧራ፣ ደረቅ አቧራ ላይ የተጎተተ መጥረጊያ የተወው ጭረት፣ ከውስጥ በኩል ማንም የማይጠርገው ቅባት ቢጤ ነገር... ፀሐይ ስታርፍበት መስታወቱ በሙሉ ነጭ መጋረጃ ይሆናል። በንጹሕ ጨርቅ ከውስጥ መጥረግ ምንም አያስከፍልም። ከላይ የምትታጠፈዋን የፀሐይ መከላከያም ማውረድ የሚረሳ ሹፌር አይቻለሁ፤ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ በአንድ እጅ ይነዳል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሰው ራሱን የሚከላከልበት ነው። ሲመሽ ነገሩ ይገለበጣል።

በቅርቡ ማታ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ አቅጣጫ በአፕ የጠራሁት መኪና ውስጥ ነበርኩ። ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅም መብራት ለኩሷል። ሹፌሩም አልቀነሰም። «ወንድሜ፣ አንተስ ለምን አትቀንስም?» አልኩት። «እነሱ ሳይቀንሱ እኔ ብቀንስ ማን ያይልኛል?» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «እልህ ነው በቃ፤ እልህ ያስይዙሃል» ብሎ ሳቀ። ሐቀኛ መልስ ነው። በመንጃ ፈቃድ ትምህርት መብራት መቀነስን ያልተማረ ሰው የለም፤ መንገዱ ላይ ያለው ግን ትምህርቱ ሳይሆን እልሁ ነው።

እልሁን በቁጥር እንየው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። በመብራት የተመታ ዓይን ለ3 ሰከንድ ብቻ ቢጨልምበት መኪናው 50 ሜትር ያህል በጭፍን ተጉዟል ማለት ነው። ሁለት መኪኖች በ80 በ80 ሲመጡ ደግሞ በሰከንድ 44 ሜትር ይቀራረባሉ። ሁለቱም ሹፌሮች «አሳየዋለሁ» እየተባባሉ፣ ሁለቱም ሳያዩ። የዓይን ብሌን ብርሃን ሲመጣበት ቶሎ ይጠባል፤ ጨለማውን መልሶ ለመልመድ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። የ25 ዓመት ልጅ «ምንም አልሆንኩም» ያለበት መብራት የ60 ዓመት አዛውንት ሹፌርን መንገድ ሊያስት ይችላል። (በነገራችን ላይ፣ አባታችሁ ወይም አጎታችሁ «የማታ መብራት ሁሉ ይበተንብኛል» ማለት ከጀመሩ ዝም ብላችሁ አትለፉት። የዓይን ሞራ ግርዶሽ አንዱ ምልክት ነው፤ በአገራችን የዓይነ ስውርነት ዋነኛው መንስኤም እሱ ነው። ይታከማል።)

ከእልሁ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን አጭር መብራቱ ራሱ ዓይን የሚወጋው መኪና ነው። ይሄ ሰውዬ መብራቱን ቀንሷል፤ ሕግ አክብሯል። ችግሩ አምፖሉ ነው። በቲክቶክና በቴሌግራም «300 በመቶ ይጨምራል» እየተባለ የሚሸጠውን የኤልኢዲ አምፖል ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ ከቶታል። የሃሎጅን መብራት አንጸባራቂ የሚሠራው ለአንዲት ቀጭን ሽቦ ነው፤ ሽቦዋ የምትቀመጥበት ቦታ በሚሊ ሜትር የተለካ ነው። ኤልኢዲው ብርሃን የሚያወጣው ከዚያ ቦታና ቅርጽ ትንሽ ዞር ብሎ ከሆነ፣ አንጸባራቂው ብርሃኑን ወዴት እንደሚልከው ይጠፋዋል። ወደ መንገድ መሄድ የነበረበት ወደ ላይ ይረጫል። ባለቤቱ ከመኪናው ፊት ያለው አስፋልት ነጭ ሆኖ ሲያየው «እንዴት ያሳያል!» ይላል፤ ከፊቱ የሚመጣው ደግሞ ምንም አያይም።

ሌላ አገር ይሄ ቀልድ አይደለም። እንግሊዝ ከጥር 2021 ጀምሮ የሃሎጅን መብራት ወደ ኤልኢዲ የተቀየረበትን መኪና በዓመታዊ ምርመራ ትጥላለች። አሜሪካም በሃሎጅን መብራት ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል መክተትን የፌዴራል የደህንነት መስፈርቷ አይፈቅድም። ጀርመን በ2020 አንድ የኦስራም ምርት ፈቅዳለች፤ እሱም ተፈትነው በዝርዝር ለተጻፉ የመኪና ሞዴሎች ብቻ።

እዚህ ላይ አዳዲሶቹን የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚወቅስ ይበዛል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ መንገዱ በእነሱ ተሞልቷል፤ መብራታቸውም ነጭ ነው፣ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ። እንዲህ ያለው ብርሃን ከቢጫው የሃሎጅን ብርሃን ይልቅ ዓይን እንደሚያስጨንቅ እውነት ነው። ግን ፍርዱ ላይ አልስማማም። ፋብሪካ የሠራው ኤልኢዲ ለኤልኢዲ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው ያለው፤ ብርሃኑ የት ላይ መቆረጥ እንዳለበት ያውቃል። ጉብታ ላይ ሲዘል ብልጭ ይልብሃል፣ መኪናው ረጅም ከሆነ ስፖኪዮህ ውስጥ ይገባል፣ እሱ ነው። ከ20 ዓመት መኪና ላይ የተገጠመው የቴሌግራም አምፖል ግን ቀጥ ባለ ሜዳ ላይም ይወጋሃል።

ጭነቱም አለ። ከኋላ የተጫነ አይሱዙ፣ ወይም ከልኩ በላይ የሞላ ሚኒባስ ከኋላ ዝቅ፣ ከፊት ቀና ይላል፤ አጭር መብራቱም አብሮ ቀና ብሎ ረጅም ይሆናል። ለዚህ የሚሆን ነገር ብዙ መኪና ላይ ተሠርቶ ተቀምጧል፤ ከመሪው በስተግራ አካባቢ ከ0 እስከ 3 የተጻፈባት ትንሽ መዘውር ናት። ጭነት ሲበዛ ቁጥሩን ከፍ ስታደርጉት መብራቱ ዝቅ ይላል። የጠየቅኋቸው ሹፌሮች አብዛኞቹ ምን እንደምትሠራ አያውቁም። አንዱ «የሬዲዮ ይሆናል» ብሎኛል።

ታዲያ የሚወጋው ሰው ምን ያድርግ? ገበያው መልስ አለው፤ ቢጫ መስታወት ያለው «የማታ መንጃ መነጽር»። የምትከተሉት ገጽ ላይ ሳታዩት አትቀሩም፤ ከመነጽሩ በፊት ጭጋግ፣ ከመነጽሩ በኋላ ገነት። በ2019 ጃማ ኦፍታልሞሎጂ በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 22 ሰዎችን በመንዳት ማስመሰያ ላይ አስቀምጦ ነበር። ቢጫው መነጽር እግረኛን ፈጥኖ ለማየት አልረዳቸውም፤ ከፊት መብራት በሌለበትም፣ ባለበትም። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ማንኛውም ባለ ቀለም መስታወት ብርሃን ይቀንሳል፣ ማታ ደግሞ የሚያንስህ ብርሃን ነው። የሚወጋህን መብራት ሲቀንስልህ፣ ጥግ ላይ የቆመውንም ሰው ይቀንስብሃል።

የጥግ ላይ ሰው ደግሞ ዋናው ጉዳይ ነው። ሹፌሩ ዓይኑ ተወጋ፣ ተበሳጨ፣ አለፈ። ሁለት መኪኖች ሲተላለፉ በመካከላቸው የቆመ እግረኛ ግን ከእይታ ይጠፋል። በሁለቱም በኩል በብርሃን ተከቦ፣ ለሁለቱም አይታይም። ጥቁር ጃኬት ከለበሰ ጭራሽ የለም። እሱ ግን በብርሃን ስለተጥለቀለቀ የታየ ይመስለዋል። በአገራችን የመንገድ አደጋ ከሚገድላቸው ብዙዎቹ እግረኞች ናቸው፤ ይሄን ጽሑፍ ስልካችሁ ላይ ከምታነቡት መካከልም አብዛኞቻችሁ ማታ ወደ ቤት የምትገቡት በእግር፣ በታክሲ፣ በባጃጅ እንደሆነ እገምታለሁ። ማታ መንገድ ስትሻገሩ የስልካችሁን ባትሪ ወደ መሬት አብርቶ መያዝ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ከኋላ ወንበር ሆናችሁ በፍላሽ ቪዲዮ የምትቀርጹት ግን እባካችሁ ተዉት፤ ሹፌሩ ከፊት የሚወጋው አንሶ ከመስታወቱ ላይ ተንጸባርቆ ከኋላም ይወጋዋል። የአፑ ካርታ የሚታይበት ስልክም እንደዚያው፤ ማታ ጥቁሩን ገጽታ አድርጉት፣ ብርሃኑን ዝቅ።

የኮሪደር ልማቱ የነካቸው ጎዳናዎች አሁን ማታም ቀን ናቸው፤ እዚያ ረጅም መብራት የሚለኩስ ሰው ምን ሊያይ እንደፈለገ አይገባኝም። ጨለማው ያለው ከዚያ ወዲያ፣ ዳርና ዳር ሰፈሮችና ከከተማ መውጫዎች ላይ ነው። እልኸኛውን በየኩርባው ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ሊይዘው አይችልም። የተሳሳተ አምፖልና ቀና ያለ መብራት ግን በዓመት አንድ ጊዜ የግድ አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ፤ ቦሎ ሊወስዱ ሲሄዱ። እዚያ መብራቱ መብራቱ ብቻ ሳይሆን ወዴት እንደሚመታ መለካት፣ ለሃሎጅን በተሠራ ቤት ውስጥ የገባውን ኤልኢዲም አውጥተህ ና ብሎ መመለስ ይገባል። አምፖሉን የሚያስገባውና የሚሸጠውም መጠየቅ አለበት፤ «ለጌጥ ነው» እየተባለ የሚሸጥ ነገር ማታ መንገድ ላይ ለጌጥ አይደለም የሚበራው።

እስከዚያው ግድግዳ አለ። ማታ መኪናችሁን ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቃችሁ አቁሙና አጭር መብራት ለኩሱ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ግድግዳው ላይ ከመብራታችሁ ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ቀጥ ያለ መስመር መሥራት አለበት፤ በቀኝ በኩል ትንሽ ከፍ ቢል ችግር የለውም፣ የተሠራው እንደዚያ ነው። በግራ በኩል ከፍ ካለ ግን መብራቱ በግራ ከሚነዳበት አገር መኪና ላይ የተፈታ ሊሆን ይችላል፤ የሚመታውም በትክክል ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ነው። መስመሩ ጭራሽ ከሌለና ግድግዳው በሙሉ ነጭ ከሆነ አምፖሉን አውጡት።