ከሰንሰለቱ በፊት

ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ባነሳን ቁጥር ወጋችን ቶሎ ሰንሰለቱ ላይ ይደርሳል። ጎጃም ውስጥ እኛ ካቶሊኮች ጥቂት ነን፤ መርጡለ ማርያም አጠገብ ዲቦ ላይ የተወለዱት መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1926 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፁዕ ተብለው ሲታወጁ ኩራቱ ለእኛም ተርፏል። በ1855 በአፄ ቴዎድሮስ እስር ሆነው ሃይማኖቴን አልለውጥም እንዳሉ ማለፋቸውን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ረጅም ዘመን ነው።

አንድ ዓይናቸውን በልጅነታቸው ያጡ ሰው ናቸው። ገዳም ገብተው መጽሐፍ ሲመረምሩ፣ መምህር ሲፈልጉ፣ ሲጠይቁና ሲከራከሩ ጎልማሳነታቸው አለፈ። በ1841 ጳጳስ ሊያመጡ ወደ ግብፅ ከሄዱት መልእክተኞች ጋር ተጉዘው ሮምንም አዩ። ያም ሆኖ ሚስዮናዊው አቡነ ያዕቆብ በካቶሊክ እምነት የተቀበሏቸው በ1844 ነው፤ ክህነት ያገኙት ደግሞ በ1851፣ ስልሳ ሊሞላቸው ሲል። ጸጋው አልቸኮለም፤ እሳቸውም አልቸኮሉም።

የቸኮሉም ነበሩ። ኢየሱሳዊው ሚስዮናዊ ጴድሮ ፓኤዝ በ1618 ሰከላ ወርዶ ግሽ ዓባይን ያየው ሕዝቡንና ቋንቋውን በትዕግሥት ካጠና በኋላ ነው። ከእሱ ሞት በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የአገሩን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በአዋጅ ሊያስለውጥ ተነሳ፤ አገሩ ደም ተፋሰሰ፣ በ1632 አፄ ሱስንዮስ አዋጁን ሽረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። እምነት በአዋጅ አይሰርጽም።

ጸጋም የእግዚአብሔር ነጻ ስጦታ ነው፤ በጾም ብዛት አይገዛም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ እንዳስተማረው ደግሞ ጸጋ ተፈጥሮን አያፈርስም፣ ወደ ፍጻሜ ያደርሰዋል እንጂ። ስለዚህ በጎ ምግባር እየደጋገሙ ሠርተው የሚለምዱት ነገር ነው፤ የሚለመደውም በሚውሉበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመሠረተው ባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት ከወሎ እስከ መተከል የተዘረጋ ነው፤ በገጠር ላለ ምእመን ቅዳሴና ኑዛዜ ሩቅ ናቸው። ቡሬ ገበያ ግን ቅርብ ነው።

እዚያ በቆሎ የሚያወጣው ገበሬ ደህናውን ከጆንያው አፍ፣ ነቀዝ የበላውን ከሥር ሊያደርግ ይችላል። ሚዛኑን የያዘው ነጋዴም በጣቱ ያውቅበታል። ፍኖተ ሰላም ላይ መንገድ በተዘጋ ሰሞን ዘይቱን ከጓዳ ሸሽጎ «አልቋል» የሚል አለ፤ ገጠር ወርደን ደግሞ ማረሻውን አንድ ትልም ወደ ጎረቤቱ ማሳ የሚያስጠጋ። እነዚህን ሰዎች ማንም ሃይማኖታችሁን ካዱ አላላቸውም። ፈተናቸው ሌላ ነው፣ የኛም እንደዚያው። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን ሰማዕትነት ቢመጣ እንጸናለን ብለን እናስብና ለአንድ ኪሎ ስኳር እንወድቃለን።

ታዲያ ማታ መቁጠሪያ ከመያዝ በፊት፣ ዛሬ የማንን አጎደልኩ ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። ጥያቄው ጸሎቱን ያከብደዋል፣ መክበዱም ደግ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው የንስሐ ሥርዓትም በዚህ አይደራደርም፤ የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው ኃጢአቱን ተናግሮ ብቻ አይሄድም፣ ይመልሳል። የጎደለው ኪሎ ለገዢው ይሞላለታል፤ የታረሰው ትልም ለጎረቤት ይለቀቃል። ገዢው ካልተገኘ ለድኻ ይሰጣል።