የመጀመሪያው የሚና ጨዋታ ምን ይሁን?

የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ በተነሣ ቁጥር የሪያድ ስም አብሮ መነሣት ከጀመረ ሰንብቷል። ሳዑዲ ዓረቢያ ብሔራዊውን የጨዋታና የኤሌክትሮኒክ ስፖርት ስትራቴጂ ይፋ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ነው። በ2024 ደግሞ ሪያድ የመጀመሪያውን የኤሌክትሮኒክ ስፖርት የዓለም ዋንጫ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ሽልማት አስተናግዳለች። የዛሬው ጽሑፌ ግን ስክሪን ስለማይሻው ዘመዱ ነው፤ ጥቂት ሰዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው የአንድን ሰው ሚና ይዘው፣ ታሪክን በቃል እየፈጠሩ ስለሚጫወቱት የሚና ጨዋታ።

ጉዳዩ ለእኛ ከመዝናኛ ያልፋል። በመንፉሃም ሆነ በሌላው የከተማዋ ሰፈር የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ አንድ የጋራ ጭንቀት አለው፤ ልጁ አማርኛ ይሰማል፣ መልስ የሚሰጠው ግን በዓረብኛ ነው። ቋንቋ በተግሣጽ አይተከልም። የሚጠቀሙበት ምክንያት ይፈልጋል። የሚና ጨዋታ ዋና መሣሪያው ንግግር ስለሆነ ይህን ምክንያት ያስገኛል፤ ልጁ ሊያሳምን፣ ሊደራደር፣ ሊጠይቅና ሊተርክ ይገደዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ ክብደት አለው። ጀማሪን ያሰለቸ ጨዋታ ሁለተኛ ዕድል አያገኝምና።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ስም «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት ይህ ሥራ የዘርፉ በር ከፋች ነው። ይሁንና ለእኛ ጀማሪዎች የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን አይገባም እላለሁ። በ2014 የታተመው የተጫዋቾች መጽሐፉ 320 ገጽ ነው። በዓለሙ ውስጥ ብዙ አማልክት ይመለካሉ፤ ድግምትም የጀግና ሙያ ነው። ውጤቱ የሚወሰነው ደግሞ በዳይስ፣ በተለይም ሃያ ገጽ ባለው ዳይስ ነው።

የዳይሱ ነገር ለሙስሊም ቤተሰብ ቀላል አይደለም። በሶሒሕ ሙስሊም ቡረይዳ (ረ.ዐ.) የዘገቡት ሐዲስ ነርድሺር የተባለውን ጨዋታ አጥብቆ ይኮንናል። ከዚህ ተነሥተው በዳይስ የሚመራን ጨዋታ፣ ገንዘብ ባይኖርበትም እንኳ፣ የሚከለክሉ ዑለማእ ብዙ ናቸው፤ ቁማር የሆነውንና ያልሆነውን ለይተው የሚያዩም አሉ። እኔ እዚህ ፈትዋ ልሰጥ አልተነሣሁም። ሆኖም ዳይስ የሌለበት ጥሩ ጨዋታ እያለ ጀማሪው በአወዛጋቢው በር የሚገባበት ምክንያት አይታየኝም። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው «አምበር» ያለ አንዳች ዳይስ የሚካሄድ መሆኑ ዕድል የግድ በዳይስ መወሰን እንደሌለበት ያሳያል።

ለመነሻ የምመርጠው በ2013 የታተመውን «ዘ ኳየት ዪር»ን ነው። ከሁለት እስከ አራት ሰው ይጫወተዋል፤ በአንድ ምሽት፣ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ተጫዋቾቹ ከመከራ የተረፈችን አንዲት መንደር ለአንድ ዓመት ያስተዳድራሉ፤ በባዶ ወረቀት ላይም ካርታዋን አብረው ይሥላሉ። እያንዳንዱ ሳምንት አንድ ጥያቄ ያመጣል፤ ዓመቱም በአራት ወቅቶች ይከፈላል። ጥያቄዎቹ የሚወጡት ከመጫወቻ ካርታ ነው። በዚያ ቅር የሚለው ቤተሰብ ጥያቄዎቹን በአማርኛ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ መጠቀም ይችላል።

ይበልጥ የወደድሁት የምክክር ደንቡን ነው። ጉዳይ ለውይይት ሲቀርብ እያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአጭሩ ይናገራል፤ ማንም መደምደሚያ አይሰጥም። አባት የመጨረሻውን ቃል አይወስድም፤ ትንሿም ልጅ ተራዋን አታጣም። በቤታችን ታላቅ ተናግሮ ታናሽ ዝም ማለቱ የተለመደ ነው። ልጆቻችንን ሹራን ማስተማር ከፈለግን ግን እነርሱ ሲናገሩ መስማትን እኛም መልመድ ይኖርብናል።

ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ የራሱን ጨዋታ ማዘጋጀት ይችላል። ከሐረር ተነሥቶ ወደ ዘይላ የሚወርድን የሲራራ ነጋዴ ጉዞ አስቡ። አንዱ ነጋድራስ ይሆንና ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ ነጋዴ፣ ግመል ነጂና መንገድ መሪ ይሆናሉ። ከጁገል አምስት በሮች በአንዱ ይወጣሉ። «የውኃው ጉድጓድ ደርቆ ተገኘ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ለመጀመር ይበቃል። ጥንቃቄ የሚያሻው የሚና አመራረጡ ነው። የነጃሺ አደባባይ ታሪክ ለልጆች ሊተረክ የሚገባው ታላቅ ታሪክ ቢሆንም፣ የነቢያትንና የሶሐቦችን ሚና ይዞ መጫወት ከአደብ ውጭ ነው። ስሙ በታሪክ ያልተመዘገበ ተራ ነጋዴ ይበቃናል።

«የሌለን ነገር መፍጠር ውሸት አይሆንም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1122 ያረፉት የበስራው አል-ሐሪሪ የፈጠሯቸው የአቡ ዘይድ አስ-ሰሩጂ ገጠመኞች ሃምሳ መቃማት ሆነው ለዘመናት ሲነበቡ ኖረዋል፤ ሊቃውንትም ማብራሪያ ጽፈውባቸዋል። ተናጋሪውም ሰሚውም ልብ ወለድ መሆኑን ያወቁት ነገር ማንንም አያታልልም። ይልቅስ ሊያሳስበን የሚገባው ጨዋታው ሶላትን እንዳያስተጓጉል፣ ገንዘብም እንዳይያዝበት ነው።

ኀሙስ ማታ፣ ዒሻ ከተሰገደ በኋላ፣ ስልኮቹን በአንድ ሰሐን ሰብስቦ አንድ ነጭ ወረቀትና እርሳስ ማቅረብ ብዙ ወጪ አያስወጣም። የተመረጠው ጨዋታ ጥሩ መሆኑን የሚያውቁት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ልጁ ሳይጠራ መጥቶ «መንደራችን ምን ደረሰች?» ብሎ በአማርኛ ከጠየቀ፣ ምርጫው ተሳክቷል።