ከፕላዝማው በኋላ፦ ለደጋ ትምህርት ቤት የትኛው ስክሪን?

በ1997 ዓ.ም. ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት መሰራጨት ሲጀምር፣ በየክፍሉ ፊት የተተከለው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ስሙን ለሥርዓቱ ሁሉ አወረሰ። ተማሪው «ፕላዝማ» ሲል መሣሪያውን ሳይሆን ትምህርቱን ማለቱ ነበር። ስለ ትምህርቱ ፍጥነትና ስለ እንግሊዝኛው ብዙ ተብሏል፤ እኔ የማነሣው ግን ስለ መሣሪያው ነው።

በዚያን ጊዜ ፕላዝማን መምረጥ ስሕተት ነበር አልልም። ትልልቅ የኤል ሲ ዲ ስክሪኖች ውድ ነበሩ፤ የፕላዝማ ምስል ደግሞ በክፍሉ ጥግ ለተቀመጠውም ተማሪ አይደበዝዝም። ሆኖም መሣሪያው ለደጋ የተፈጠረ አልነበረም። በፕላዝማ ውስጥ፣ በሁለት መስታወቶች መካከል ባሉ ጥቃቅን ክፍሎች፣ ኒዮንና ዜኖን የተባሉ ጋዞች ከባሕር ጠለል የአየር ግፊት ሁለት ሦስተኛ ገደማ በሆነ ግፊት ታሽገዋል። መስታወቶቹን አጥብቆ የሚይዛቸው ከውጭ የሚጫናቸው አየር ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደባርቅ ግን የውጩ ግፊት ራሱ ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የውስጡና የውጩ ሲቀራረብ መስታወቱ ይላላል፤ በኤሌክትሪኩ ምትም እየተንቀጠቀጠ እንደ ንብ ያንዛዝዛል። ዶክትሬቴን የሠራሁበት ከተማ ከባሕር ብዙም ከፍ ያለ ስላልነበረ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያነሣ አልነበረም። ለእኛ ግን ከዳባት እስከ ስሜን ተራሮች ግርጌ ያለ ትምህርት ቤት ሁሉ ጥያቄ ነው።

ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2013 ፕላዝማ ማምረት አቆመ፤ ሳምሰንግና ኤል ጂም በተከታዩ ዓመት ተከተሉ። ስለዚህ አሮጌው ሲበላሽ ሌላ መምረጥ ግድ ነው። ገበያው «ኤል ኢ ዲ» የሚለው በእርግጥ ኤል ሲ ዲ ነው፤ ከጀርባው የሚያበራለት መብራት ብቻ ተለውጧል። የታሸገ የጋዝ ክፍል ስለሌለው በደጋ አያንዛዝዝም፤ ኤሌክትሪክም ከፕላዝማ እጅግ ያነሰ ይወስዳል። ኦሌድ የተባለው ምስሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሥዕላዊ መግለጫ ለረጅም ሰዓት ሲቆምበት ጥላው ሊቀርበት ስለሚችል ለክፍል አልመክረውም፤ ዋጋውም አይቀመስም።

በኤል ሲ ዲም መካከል ልዩነት አለ። አይ ፒ ኤስ በተባለው ዓይነት ክሪስታሎቹ ከመስታወቱ ጋር ትይዩ ሆነው ስለሚዞሩ ቀለሙ ከጎንም ሲታይ አይለወጥም። ቪ ኤ የተባለው ጥቁሩ የጠለቀ ነው፤ ከጎን ሲያዩት ግን ይገረጣል። ሻጩ የትኛው እንደሆነ ላያውቅ ይችላልና፣ ምስል አስከፍቶ ወደ ግድግዳው ጥግ ሄዶ መመልከት ይበቃል።

«ፎር ኬ» ለሚለው ጽሑፍ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈልን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ጤናማ ዓይን የሚለየው ትንሹ ማዕዘን የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ገደማ ነው፤ ይህም 8 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ተማሪ 2.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ባለ 55 ኢንች ተራ «ፉል ኤች ዲ» ስክሪን ላይ አንዷ ነጥብ 0.63 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ከዚያ በላይ ማድቀቅ ለኋላ ወንበር ምንም አይጨምርም። ለእርሱ የሚጠቅመው የፊደል ቁመት ነው፤ ሳይጨነቅ እንዲያነብ 3.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስፈልገዋል፤ እንዲህ ከሆነ በዚያ ስክሪን ላይ የሚጻፈው ከአሥር መስመር እምብዛም አይበልጥም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ስስ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም፤ ኤሌክትሪክንም በደንብ አይከላከልም። አንዳንድ አምራቾች ዕቃቸው ከ2,000 ሜትር በታች እንዲሠራ የተዘጋጀ መሆኑን በመመሪያው ላይ ይጽፋሉ፤ ደባርቅም ዳባትም ከዚያ በላይ ናቸው። ስለዚህ ለስሜን አካባቢ ትምህርት ቤቶች የሚወጣ የጨረታ ሰነድ ከስክሪኑ ስፋት አስቀድሞ «እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ የሚሠራ» የሚል መስመር ሊኖረው ይገባል። ከፎር ኬ የተረፈው ገንዘብም ለስታቢላይዘር ይዋል።